ከኒውፖርት እስከ ፍሎረንስ በብስክሌት፦ የኦሪገን ባሕር ዳርቻ ማስታወሻ

አርብ ማታ፣ ኒውፖርት

በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ከፖርትላንድ ኒውፖርት በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ያደረሰችን የጓደኛዬ ባለቤት ናት። ወደቡ ዳር አወረደችንና «በሉ እግዜር ይከተላችሁ» ብላ ተመለሰች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፍሎረንስ ላይ ልትወስደን ተቀጣጥረናል። በመካከል ያለው ሰማንያ ምናምን ኪሎ ሜትር የእኛና የብስክሌቶቻችን ነው።

ጓደኛዬ አስመራ ተወልዶ ያደገ ነው። አስመራ ውስጥ ብስክሌት እንዴት እንደሚወደድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ፣ በነጥብ ለሚበልጠው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ሲለብስ ይሄ ሰውዬ ሥራ ቦታ ላይ ቆሞ አልቅሷል። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፤ ብስክሌት የምናውቀው በሰዓት ተከራይተን ሰፈር ውስጥ ስንዞር ነው። ረጅም መንገድ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው።

ኒውፖርት ወደብ ላይ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የባሕር አንበሶች ጩኸት ነው። ተንሳፋፊዎቹ የእንጨት መድረኮች ላይ ተደራርበው ይተኛሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ይጮኻሉ። ሽታቸውም ቀላል አይደለም። ትንሽ አየናቸውና ጀንበር ሳትጠልቅ ድልድዩን ለመሻገር ተነሣን።

ያኪና ቤይ ድልድይ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ኮንዲ ማከላ የሚባል መሐንዲስ የነደፈው ሲሆን ያለቀው በ1936 ነው። በዚያው ዓመት በዚህ የባሕር ዳርቻ አምስት ትልልቅ ድልድዮች ተጠናቀዋል፤ ከዚያ በፊት መኪናም ሰውም እነዚያን ወንዞች የሚሻገረው በጀልባ ነበር። መሃል ላይ ያለው አረንጓዴ የብረት ቅስት ሥር ስትደርሱ ንፋሱ ከጎን ይመታል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ መኪናው ብዙ ነው። ወርደን በእግረኛው ጠርዝ ላይ ብስክሌቱን እየገፋን ተሻገርን። ቀስ ብሎ መሻገሩ ጥቅም አለው፤ የዓሣ ጀልባዎቹ ከሥር ወደ ባሕር ሲወጡ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ያደርነው ከድልድዩ ወዲያ ባለው ሳውዝ ቢች የሚባል የግዛቱ ፓርክ ነው። የኦሪገን ፓርኮችን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፦ ብዙዎቹ የባሕር ዳር ፓርኮች በእግርና በብስክሌት ለሚመጣ ሰው ብቻ የተለየ ማደሪያ አላቸው። ቀድሞ ቦታ ማስያዝ የለም። መኪና ይዞ የሚመጣው ሰው ከወራት በፊት ተሻምቶ የሚይዘውን ፓርክ፣ እናንተ በብስክሌት ማታ ደርሳችሁ ጥቂት ዶላር ከፍላችሁ ትገባላችሁ። ሙቅ ሻወር አለ። ጠረጴዛው የጋራ ነው። ዛሬ ማታ ከካናዳ ጠረፍ ተነሥተው እስከ ሜክሲኮ የሚወርዱ ባልና ሚስት አብረውን አሉ፤ ሁለቱም ጡረታ የወጡ ናቸው። ዳቦ ቆሎ ሰጠናቸው። ሴትየዋ ለነገም እንድንጨምርላት ጠየቀችን።

እራት ከበላን በኋላ አሸዋው ላይ ወጣን። ስለዚህ አሸዋ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኦሪገን ውስጥ ባሕር ዳሩ የሕዝብ ነው። ድሮ አስፋልት ሳይኖር ሰውና ጋሪ ከከተማ ከተማ የሚጓዘው ባሕሩ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አሸዋ ላይ ነበር። በ1913 ኦስዋልድ ዌስት የሚባለው ገዥ ይሄን ያዘና አሸዋውን በሕግ የሕዝብ መንገድ አስባለው። መንገድ ከሆነ ማን ያጥረዋል? ከዚያ በ1966 አንድ የሞቴል ባለቤት ደረቁን አሸዋ ለእንግዶቹ ብቻ ብሎ አጠረ፤ ሕጉ የሚለው ስለ እርጥቡ ነው አለ። ሕዝቡ ተቆጣ። ቶም ማኮል የሚባለው ገዥ ቀያሾችን ይዞ በሄሊኮፕተር አሸዋው ላይ አረፈና መስመሩ የት ድረስ እንደሚሆን አስለክቶ አሳየ። በሐምሌ 1967 የፈረመው ሕግ ደረቁንም አሸዋ ለሁሉም ክፍት አደረገው። በሌላው የአሜሪካ ክፍል ባሕር ዳር ሄጄ «የግል ንብረት» የሚል ታፔላ ገጥሞኝ ያውቃል። እዚህ የለም። ስደተኛ ሆኜ በመጣሁበት አገር ማንም «የት ነህ?» የማይለኝ፣ ፈቃድ የማልጠይቅበት ይሄን ያህል ርዝመት ያለው መሬት መኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ቅዳሜ፣ ከሳውዝ ቢች እስከ ሃኒመን

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጉሙ መሬት ነክቷል። ድንኳኑ ረጥቧል። በሶ በጥብጠን ጠጣን፣ ጭብጦውን ለመንገድ ኪሳችን ውስጥ ከተትን። ስለ በሶ ማንም ይሳቅ፤ ከሱቅ በሦስት ዶላር ከሚገዛው የጣፈጠ ብስኩት ይልቅ አንድ ጭብጦ ዳገት ያስወጣል። የኋላ መብራታችንን አብርተን፣ አንጸባራቂ ሰደርያችንን ለብሰን ወጣን።

እስከ ዋልድፖርት ያለው መንገድ ቀላል ነው። ሜዳ ነው ማለት ይቻላል፣ ከነጩ መስመር ውጭ ያለው ዳርም ለብስክሌት ይበቃል። ሲል ሮክ ላይ ድንጋዮቹ በጉሙ ውስጥ ጥቁር ጥላ ሆነው ታዩን እንጂ ባሕሩን አላየነውም፤ ሰማነው እንጂ። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ግን «የሱናሚ አደጋ ቀጠና ገብተዋል» የሚል ሰማያዊ ምልክት አለ። ጌጥ አይደለም። ከዚህ ባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ሁለት የመሬት ቅርፊቶች አንዱ በአንዱ ሥር እየገባ ነው። በጥር 26 ቀን 1700 መሬቱ ተንቀጥቅጦ የተነሣው ማዕበል ውቅያኖሱን ተሻግሮ ጃፓን ደርሷል። ቀኑ የታወቀው ጃፓኖች «መንቀጥቀጥ ሳይሰማን ማዕበል መጣብን» ብለው በመመዝገባቸው ነው። እዚህ ያሉት የአገሬው ሕዝቦችም በአፈ ታሪካቸው ይዘውታል። መኪና ውስጥ ሆኖ ምልክቱን ማለፍ ቀላል ነው። በብስክሌት ግን ከምልክቱ እስከ ቀጣዩ ከፍታ ድረስ ያለውን ርቀት እግራችሁ ያውቀዋል።

ዋልድፖርት ድልድይ ከመድረሳችን በፊት የጓደኛዬ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ዳር ወጥቶ ብስክሌቱን ገለበጠ። የውስጡን ጎማ አውጥቶ በትንሹ ነፋውና ከንፈሩ አጠገብ አድርጎ ዙሪያውን አዞረው፤ ቀዳዳው የሚያወጣው ትንፋሽ ከንፈር ላይ ይታወቃል። አገኘው። ግን አልለጠፈውም። መጀመሪያ የውጭውን ጎማ ሆድ ዕቃ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ዳበሰ።

«የወጋህን ሳታወጣ አትለጥፍ» አለኝ። «አባቴ ነው ያስተማረኝ። ብትለጥፈው ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሰህ ትቀመጣለህ።»

ከመኪና ጎማ የሚወድቅ፣ ከፀጉር ብዙ የማይወፍር ሽቦ ነው ያወጣው። በጥፍር መቁረጫ ነው የሳበው። ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም።

ጉሙ የተገፈፈው ያሃትስ ስንደርስ ነው። ትንሽ ከተማ ናት፣ ከጥድ ጫካ ሥር ጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀመጠች። ቡና ጠጣን። ከተማዋ ውብ ናት፣ ታሪኳ ግን ያማል። ከ1875 በፊት እዚህ የኩስና የታችኛው አምፕኳ ሕዝቦችን ከአገራቸው ነቅለው ያሰፈሩበት ጣቢያ ነበር። በ1864 ወታደሮች ሸሽተው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤታቸው የተመለሱትን እያሳደዱ ሰበሰቡ። ከተያዙት አንዷ አማንዳ የምትባል ዓይነ ስውር ሴት ነበረች። ከልጇ ለይተው በእነዚህ ድንጋዮች ላይ በእግሯ ነዷት። አብሮ የነበረው ሮያል ቤንሰል የሚባል አሥር አለቃ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ እግሯ ተቀዳዶ በደሟ ዱካ ብቻ መከተል ይቻል እንደነበር ጽፏል። ይህን የምናውቀው እሱ ስለጻፈው ነው። ዛሬ ከያሃትስ ወደ ኬፕ ፐርፔቹዋ የሚወስድ በስሟ የተጠራ የእግር መንገድ አለ፣ ሐውልትም ቆሞላታል።

ብስክሌት አይገባበትም። መግቢያው ላይ ቆምን። ጓደኛዬ ኮፍያውን አወለቀ፤ ብዙ አልተነጋገርንም። እሱም እኔም ድንጋይ ረግጠው ድንበር የተሻገሩ ሰዎችን እናውቃለን።

ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ኬፕ ፐርፔቹዋ ከባሕሩ ወደ 240 ሜትር ቀጥ ብሎ የሚነሣ ተራራ ነው፤ አስፋልቱ ጎኑ ላይ ተፈልፍሎ ነው የሚያልፈው። ስሙን ያወጣው ካፒቴን ጄምስ ኩክ ነው፤ በመጋቢት 7 ቀን 1778 ከመርከቡ ሲያየው ዕለቱ የቅድስት ፐርፔቱዋ ቀን ነበር። ፐርፔቱዋ አፍሪካዊት ሰማዕት ናት፣ በ203 ዓ.ም ካርታጎ ውስጥ፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ ማለት ነው፣ ለእምነቷ የተገደለች ወጣት እናት። ያን ሳውቅ ተራራው ቀረበኝ። የአፍሪካ ሴት ስም ከፓስፊክ በላይ ቆሟል።

ዋናውን መንገድ ብቻ ይዞ ማለፍ ይቻላል። አትለፉ። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጠባብ አስፋልት እስከ ላይ ይወስዳል። እኔ ትንሹን ማርሽ አስገብቼ ልቤ እስኪሰማኝ ገፋሁ። ጓደኛዬ ከፊቴ ሆኖ «ምጽዋ አስመራን ብታይ ምን ልትል ነው?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ያ መንገድ ከባሕር ተነሥቶ 2,300 ሜትር ይወጣል። ላይ ስንደርስ በ1930ዎቹ ሥራ አጥ ወጣቶች በመንግሥት ፕሮግራም ታቅፈው የሠሩት የድንጋይ መጠለያ አለ። እዚያ ተቀመጥን። የሄድንበት መንገድ በሰሜን፣ የምንሄድበት በደቡብ፣ ሁለቱም በአንዴ ይታያሉ። ጭብጦአችንን እየበላን ግማሽ ሰዓት ቆየን፤ መነሣት አልፈለግንም።

ከተራራው ሥር ቶርስ ዌል የሚባል ነገር አለ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ የተከፈተ ክብ ጉድጓድ ነው፣ ከሥሩ ከባሕሩ ጋር ይገናኛል። ማዕበሉ ሲመጣ መጀመሪያ ከድንጋዩ ሆድ ውስጥ ጉርምርምታ ይሰማል። ከዚያ ነጩ አረፋ ሊገነፍል እንደደረሰ ጀበና አንገቱ ድረስ ይሞላል፣ አልፎም ወደ ላይ ይወረወራል፣ ዙሪያው ያለውን ድንጋይ ያጥባል። ወዲያው ሁሉም ከየአቅጣጫው ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባና ለጥቂት ሰከንድ ባዶ ጥቁር አፍ ይቀራል። ጥሩ የሚሆነው ባሕሩ ሞልቶ ባለበት ሰዓት ነው። በጣም አደገኛ የሚሆነውም ያኔ ነው። ሳይታሰብ ከሌሎቹ በጣም ረዝሞ የሚመጣ ማዕበል በዚህ ባሕር ዳርቻ ሰው ወስዷል፣ ስለዚህ ፎቶ ለማንሣት ብላችሁ አትጠጉ። ጀርባችሁንም ለባሕሩ አትስጡ። ከላይ፣ ድንጋዩ ደረቅ ከሆነበት፣ ሁሉም ነገር ይታያል።

ከፐርፔቹዋ በኋላ ያለው ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ የዕለቱ ምርጥ መንገድ ነው። ንፋሱ ከጀርባችን ነበር። በበጋና በመስከረም እዚህ ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ነው የሚመጣው፤ ብስክሌተኛው ሁሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደው ለዚህ ነው። በተጨማሪም ወደ ደቡብ ስትነዱ ያላችሁት በባሕሩ በኩል ነው፤ በእናንተና በውኃው መካከል መኪና አይኖርም። አንዱን ጉብታ ወጥታችሁ ስትወርዱ ወንዝ፣ አሸዋ፣ ከዚያ እንደገና ጫካ። የስፕሩስ ዛፎቹ ከንፋሱ የተነሣ ሁሉም ወደ ምሥራቅ አዘንብለዋል። ዳሩ ግን እየጠበበ ይሄዳል፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የለም። አርቪ የሚባሉት ትልልቅ የካምፕ መኪኖች አጠገባችሁ ሲያልፉ ንፋሳቸው ይጎትታል። መሪውን ጠበቅ፣ ትከሻን ላላ ማድረግ ነው።

ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄሲታ ሄድ ደረስን። መብራት ቤቱ ከ1894 ጀምሮ ገደሉ ላይ ቆሟል፤ ስሙ በ1775 እዚህ ካለፈ ብሩኖ ደ ሄሴታ ከሚባል ስፔናዊ መርከበኛ የመጣ ነው። መብራቱ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ይታያል። ከሥሩ ያለው አሸዋ ላይ ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ውኃ ውስጥ ከተትን። ውኃው አጥንት ይሰብራል፤ ለደከመ እግር ግን መድኃኒት ነው። ከጭንቅላታችን በላይ የኬፕ ክሪክ ድልድይ አለ፣ ይሄም የማከላ ሥራ ነው፣ 1932። ደራርቦ የሠራቸው ቅስቶች የጥንት ሮማውያንን የውኃ ድልድይ ያስታውሳሉ። ከላይ ሲነዱበት ምንም አይታይም፤ ከሥር ነው ማየት ያለባችሁ።

ድልድዩ እንዳለቀ ዋሻ ነው። ስለዚህ ዋሻ በደንብ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። መግቢያው ጋ ዳር ላይ ምሰሶ አለ፣ ምሰሶው ላይ ለብስክሌተኛ የተሠራ ቁልፍ አለ። ስትጫኑት «ብስክሌት ዋሻው ውስጥ አለ» የሚለው ምልክት ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዋሻው ውስጥ ለብስክሌት የተተወ ዳር የለም፣ መንገዱ ደግሞ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁሙ። ትንፋሻችሁን ሰብስቡ። ወደ ኋላ እዩ፣ መኪናው እስኪያልፍ ጠብቁ። ከዚያ ተጫኑና መሃሉን ይዛችሁ ሳትቆሙ ንዱ። እኛ ስንገባ ከኋላችን አንድ ግንድ የጫነ መኪና ነበር። ድምፁ ዋሻውን ሞልቶታል። ግን አልነፋብንም፣ አልተጠጋንም፤ እስክንወጣ ድረስ በእኛ ፍጥነት ተከተለን። ወጥተን ዳር ስንይዝ ጓደኛዬ እጁን አንሥቶ አመሰገነው፣ ሰውየውም መብራቱን አብርቶ አጠፋልን።

አንድ ቁልፍና ጥቂት መብራት ነው። ብዙ ገንዘብ የጠየቀ አይመስለኝም። አንድ ሰው ግን ቁጭ ብሎ «እዚህ በብስክሌት የሚያልፍ ሰው አለ» ብሎ አስቧል። ፖርትላንድ ውስጥ ማታ ከሥራ በብስክሌት የሚመለሱ ስንት ወገኖቻችን አሉ፤ ለእነሱም እንዲህ የሚያስብ ሰው በየመንገዱ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

ከዋሻው በኋላ ሌላ ዳገት አለ። ቀጥሎ የባሕር አንበሶቹ ዋሻ ይመጣል፣ በግል የተያዘ ነው፣ መግቢያ ይከፈላል። እኛ አልገባንም፣ ኒውፖርት ላይ ጠግበናቸው ነበር። ከዚያ ወደ ፍሎረንስ ረጅም ቁልቁለት ነው። ገደሉ ያልቅና መሬቱ በአንዴ ይለወጣል፦ ድንጋዩ ይጠፋል፣ አሸዋ ይጀምራል።

ፍሎረንስ ላይ እንጀራ አይገኝም፣ ፒዛ በላን። የሲዩስሎ ወንዝን ድልድይ (ከአምስቱ አንዱ ነው) ተሻግረን ሃኒመን ፓርክ ስንገባ ሊመሽ ነበር። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተናል፣ ወደ ፐርፔቹዋ ራስ የወጣነውን ሳይጨምር። የብስክሌተኛ ማደሪያው ላይ ቦታ ነበር። ማለዳ የተለየናቸው ባልና ሚስት ቀድመውን ደርሰው ሻይ አፍልተዋል። ሴትየዋ «ዳቦ ቆሎው አለቀ» አለችን። የቀረንን ሰጠናት።

እሑድ ጠዋት፣ ሃኒመን

እዚህ የአሸዋ ክምሩ ከሐይቅ ጠርዝ ላይ ነው የሚነሣው። ክሊዋክስ የሚባል ጨው የሌለበት ሐይቅ አለ፤ አሸዋው በቀጥታ ውስጡ ይገባል። ከፍሎረንስ እስከ ኩስ ቤይ ወደ 65 ኪሎ ሜትር እንዲሁ አሸዋ ብቻ ነው። በባዶ እግራችን ወጣን። እግሬ ትናንት ያልጠየቀኝን ሁሉ ዛሬ ጠየቀኝ።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር። ከሐምሌ ይልቅ መስከረም ይሻላል፤ ጉሙ ይቀንሳል፣ የካምፕ መኪናውም ይቀንሳል። ብስክሌት በቅርብ የጀመረ ሰው ይሄን መንገድ አይጀምርበት፤ መጀመሪያ ከመኪና ጋር መንዳት ይልመድ። ልምድ ያለውም ቢሆን በአንድ ቀን መጨረስ ግዴታው አይደለም፣ ከሄሲታ ትንሽ ቀደም ብሎ ያለው ዋሽበርን ፓርክም የብስክሌተኛ ማደሪያ አለው። ፀሐይ ቢሆንም የዝናብ ልብስ ያዙ። ፐርፔቹዋና ሄሲታ መካከል ስልክ የማይሠራበት ቦታ ስላለ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ አንድ መንፊያ። በሶ።

ሙሉው መንገድ በሰሜን ከኮሎምቢያ ወንዝ እስከ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። ጓደኛዬ ለመጪው መስከረም ከሰሜኑ ጫፍ፣ ከአስቶሪያ እንነሣ ብሏል፣ እኔም ከአሁኑ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሴቶችም ወንዶችም አብራችሁን መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ ክረምቱን በሳምንት አንድ ቀን ረዘም አድርጋችሁ መንዳት ጀምሩ፤ ግንቦት ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ እንለማመዳለን።